አንድ ኪሎ ወርቅ፣ አንድ ኪሎ ብረት

በ2000 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ወርቅ ተመልሶ መጣ። ወርቅ የተባለው ላዩን ብቻ በወርቅ የተለበጠ ብረት ነበር። ያኔ አገሩ ሁሉ ስለ ሌብነቱ ሲያወራ፣ የኬሚስትሪ መምህር ነኝና እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይህ የዘጠነኛ ክፍል ስሌት ሊደርስበት የሚችል ማጭበርበር ነው። ከዚያ ወዲህ እፍግታን (ዴንሲቲን) የማስተምረው በዚህ ታሪክ ነው።

ተማሪዎቼ ገና ጥያቄውን አንብበው ሳይጨርሱ «ቲቸር፣ ፎርሙላው የቱ ነው?» ይላሉ። እኔ ግን መጀመሪያ ነገሩ እንዲገባቸው እፈልጋለሁ። እፍግታ ማለት አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሚሞላው ቁስ ስንት ግራም እንደሚመዝን ነው። ውሃ 1 ግራም፣ ብረት 7.9 ገደማ፣ ንጹሕ ወርቅ 19.3። እንግዲህ 1000 ግራም ወርቅ ለ19.3 ሲካፈል 51.8 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይሆናል። ያው 1000 ግራም ብረት ግን 127 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ገደማ ቦታ ይይዛል። አጭበርባሪው ክብደቱን ካስተካከለ መጠኑ ይገዝፍበታል፤ መጠኑን ካስተካከለ ደግሞ ኪሎ መሆን የነበረበት 409 ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። ሁለቱን አንድ ላይ ማስተካከል አይችልም።

የ10 ግራም የወርቅ ቀለበት ቢሆንስ? በትምህርት ቤት የመለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ብንከተው ውሃውን ከፍ የሚያደርገው በግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በዓይን ለማንበብ ያስቸግራል። ስለዚህ ቀለበቱን በክር ከሚዛን አንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ ማጥለቅ ይሻላል። 10 ግራሙ 9.48 ሆኖ ከታየ የጎደለው 0.52 ግራም ቀለበቱ የገፋው ውሃ ነው፤ ይዘቱም 0.52 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው ማለት ነው። 10ን ለ0.52 ብናካፍል 19.2 ይመጣል፤ ወርቅ ነው። ባለ 18 ካራት ቀለበት መዳብና ብር ስለሚቀላቀልበት ከ15 እስከ 16 ቢያሳይ አትደንግጡ። ተንግስተን ግን እፍግታው 19.25 ስለሆነ ይህን ፈተና ያልፋል፤ እሱን ለመለየት ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

ሞል ላይ ስንደርስ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሊከብድ ግን አይገባም። ጤፍ ፍሬ በፍሬ ቆጥሮ የሚሸጥ ነጋዴ የለም፤ ይመዝናል። ኬሚስትም አተሞችን የሚቆጥረው በሚዛን ነው። አንድ ሞል 6.022 × 10²³ ቅንጣት ነው። ይህን ያህል የወርቅ አተም 197 ግራም ይመዝናል፤ ይህን ያህል የብረት አተም 55.85 ግራም። ስለዚህ አንድ ኪሎ ወርቅ 5.08 ሞል ሲሆን፣ አንድ ኪሎ ብረት 17.9 ሞል ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ወርቅ የሚከብደው አተሞቹ ከብረት ይልቅ ተጠጋግተው ስለታጨቁ ይመስለናል። እናስላው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ወርቅ 19.3 ግራም ነው፤ ለ197 ሲካፈል 0.098 ሞል። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ብረት 7.9 ግራም ነው፤ ለ55.85 ሲካፈል 0.14 ሞል። በእኩል ቦታ ውስጥ በቁጥር የሚበዙት የብረት አተሞች ናቸው! ወርቅን ያከበደው የእያንዳንዱ አተም ክብደት ነው። ፎርሙላ በመሸምደድ ብቻ ይህን ማየት አይቻልም።

ማባዛትና ማካፈል የሚምታታባችሁ ተማሪዎች ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ አሃዱን ጻፉ። ግራም ለ«ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር» ሲካፈል ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይሰጣል፤ ብታባዙት ግን ትርጉም የሌለው አሃድ ይወጣና ስህተታችሁን እዚያው ታያላችሁ። እስቲ ዛሬ ማታ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ስንት ሞል እንደሆነ አስሉ። የውሃ አንድ ሞል 18 ግራም ነው። መልሱ 13.9 ገደማ ነው፤ ሌላ ቁጥር ካገኛችሁ አሃዶቻችሁን መልሳችሁ ተመልከቱ።