ለእንግዳ የሚከራይ ክፍል እንዴት ይሰናዳ?

በአገራችን መንገደኛ ሲመሽበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ይቆማል፤ ማንም አይመልሰውም ነበር። ዛሬ ደግሞ ለገበያ ወይም ለሥራ የሚመጣ ሰው አንድ ሁለት ሌሊት ከፍሎ የሚያድርበት ክፍል ይፈልጋል። በዶርዜ ለጎብኚ የሚከራዩ የቀርከሃ ቤቶች አሉ። በካምባም አንዲት እናት ትርፍ ክፍሏን አሰናድታ ብታከራይ ለልጆቿ ደብተር መግዣ ታገኛለች። መልካም ነገር ነው።

ነገር ግን እንግዳ ሲገባ ጓዙን ብቻ ይዞ አይገባም። በልብሱ ቅማል፣ በሻንጣው ትኋን ሊያመጣ ይችላል። እኛም ካልተጠነቀቅን በጤና የመጣውን ሰው አሳምመን እንሸኘዋለን። ስለዚህ አስቀድመን የምንገዛው ለዓይን የሚያምረውን ሳይሆን ጤና የሚጠብቀውን ዕቃ ነው። መጋረጃውና የፕላስቲክ አበባው በኋላ ይደርሳሉ።

ክፍሉ። ከከብት ማደሪያና ከማድቤት የተለየ ይሁን። የሚከፈት መስኮት ይኑረው። የግድግዳው ስንጥቅ የትኋን መደበቂያ ነውና በጭቃ ይመረግ።

አልጋው። መሬት ላይ መተኛት ለቁንጫና ለእርጥበት ያጋልጣል። ውድ አልጋ አያስፈልግም፤ ከቀርከሃ የተሠራ ይበቃል። ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት፤ መጋጠሚያውን በፈላ ውሃ እጠቡት፤ የፍራሹን ስፌት እያገላበጣችሁ ተመልከቱ። ትኋን እንቅልፍ ይነሣል እንጂ በሽታ በማስተላለፍ አይታወቅም። ቅማል ግን ተስቦንና ግርሻን ያስተላልፋል፤ እነዚህ ደግሞ ሰው ይገድላሉ።

ስለዚህ አንሶላና ጋቢ ሁለት ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይነጠፋል። አንዱ እንግዳ የተኛበትን ሳያጥቡ ለሌላው ማንጠፍ አይገባም። በፈላ ውሃ ዘፍዝፋችሁ፣ በሳሙና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። ቡሉኮ ከባድ ነው፤ ቶሎ ቶሎ አይታጠብም። ስለዚህ ከሥሩ ንጹሕ አንሶላ ይደረግበት፤ እርሱም በየጊዜው ፀሐይ ይምታው።

አጎበር። በቆላው፣ በተለይም በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ፣ ወባ አለ። እዚያ የእንግዳው አልጋ አጎበር ያስፈልገዋል፤ ጠርዙም ከፍራሹ ሥር ይወተፍ። አጎበሩ ሲቆሽሽ በቀስታ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይሰጣ፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ያዳክመዋልና። አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን። እንግዳ ይከበር ብላችሁ የልጆቻችሁን አጎበር ነቅላችሁ አትስጡ! እንግዳው ቢከበርም ልጁ በወባ ይታመማል። ለኪራዩ ክፍል ሌላ አጎበር ይፈለግለት።

ውሃ። ክዳን ያለው ጀሪካን አኑሩለት። በደጋው ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ሙቀቱ ግን ከቆላው ያንሳል። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ውሃው ይቀዳ እንጂ ኩባያ አይነከርበት። ፎጣም ለየሰዉ ለየብቻ ነው። አንዱ ፊቱን የጠረገበት ፎጣ ለሌላው ትራኮማ ሊያስተላልፍ ይችላል።

መጸዳጃ። ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከውሃው በታች ባለው ቁልቁለት ይቆፈር፤ ጉድጓዱ ክዳን ይኑረው። በደጁ የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ይቀመጥ። መብራት ከሌለ ባትሪ አበድሩት፤ በጨለማ መንገዱ የጠፋበት እንግዳ ከጓሮ ይጸዳዳል።

ከሁሉ በላይ የከሰል ነገር። በደጋው ሌሊቱ ብርድ ነው። ለእንግዳው አዝነን ማንደጃ እናስገባለታለን፤ ብርዱ እንዳይገባ ደግሞ በሩንና መስኮቱን እንዘጋለን። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው የቀረው፣ ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይኼ ትልቅ ስሕተት ነው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ አይታይም፣ አይሸትም። በመጀመሪያ ራስ ያሳምማል፣ ያጥወለውላል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ይሞታል። ስለዚህ ማንደጃ በመኝታ ክፍል አይደር። ለብርድ መድኃኒቱ አንድ ተጨማሪ ቡሉኮ ነው፤ በጋሞ ደግሞ ሸማኔ አልጠፋም።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ በምን ገንዘብ?» የምትል እናት ትኖራለች። ሁሉም በአንድ ቀን አይገዛም። በመጀመሪያ ሳሙና፣ ሁለት አንሶላና ባለ ክዳን ጀሪካን ይገኝ፤ አገሩ ቆላ ከሆነ አጎበር ይጨመር። የግድግዳው ምርጊት፣ የፈላ ውሃውና ፀሐዩ ድካም እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የቀረው ከኪራዩ ላይ ቀስ በቀስ ይሟላል።

እንግዳው በማግስቱ ሲሄድ መስኮቱን ክፈቱ፤ አንሶላውን ግፈፉ፤ ፍራሹን ወደ ፀሐይ አውጡ፤ ወለሉን ውሃ አርከፍክፋችሁ ጥረጉ። ሌላውን እንግዳ ከዚያ በኋላ ተቀበሉ። ደኅና አድሮ የሄደ እንግዳ ራሱ ተመልሶ ይመጣል፤ ሌላም ይዞ ይመጣል።