በፍላሽ የሚወረስ ስቱዲዮ

ደቡብ ወሎ፣ መካነ ሰላም ላይ ሙዚቃ ማቀናበር የሚጀምር ወጣት ሶፍትዌር አይመርጥም፤ ይወርሳል። ቀድሞት የገባበት ጓደኛው ኤፍኤል ስቱዲዮን ወይም ኩቤዝን ከነክራኩ፣ ያለ ክፍያ ከሚያስከፍተው ሰባሪ ፕሮግራም ጋር፣ በፍላሽ ይሰጠዋል። «ስትጭነው ኢንተርኔት ዝጋ» የሚለው ምክርም አብሮ ይወረሳል።

«ኮዱ ክፍት የሆነው ሶፍትዌር እኮ በነጻ ነው» የሚል ስብከት ጆሮ የማያገኘው ለዚህ ነው። ለወጣቱ ሁሉም ነጻ ነው። በሕጋዊ መንገድ ልግዛ ቢልስ የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ከየት ያመጣል?

ኮዱ ክፍት የሆነ መሣሪያ የለም ማለት አይቻልም። የድምፅ መቅጃው ኦዳሲቲ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ ብዙ ትራክ የሚቀዳው አርዶርም ዓመታት አስቆጥሯል። ችግሩ አቀናባሪ ብቻውን አለመሥራቱ ነው። መካነ ሰላም የተጀመረ ዘፈን አዲስ አበባ ሊያልቅ ይችላል፤ የኩቤዝ ፕሮጀክት ደግሞ አርዶር ላይ አይከፈትም። እያንዳንዱን ትራክ በዌቭ አውጥቶ መላክ ይቻላል፤ ድምፃዊው «ከበሮው ይቀየርልኝ» ያለ ዕለት ግን ልፋቱ እንደገና ይጀምራል። እጅ የለመዳቸው ብዙ ፕለጊኖችም (ተጨማሪ የድምፅ መሣሪያዎች) ኮዱ ክፍት በሆነው ስርዓተ ክወና፣ በሊኑክስ ላይ፣ አይሠሩም።

«ፋይሌ ሌላ ቦታ አይከፈትም» የሚለውን ፍርሃት በጽሑፍም አይተነዋል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላም ብዙ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ፓወር ግዕዝ ከተባለው የቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ አልተላቀቀም፤ የድሮው ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆን ነበርና።

ወሎዬ ሙዚቀኛ ግን ኮዱ ክፍት የሆነውን ለመሞከር የራሱ ምክንያት አለው። የአምባሰል ቅኝት ስም የዚሁ የደቡብ ወሎ ምድር ስም ነው። ኪቦርድ ላይ ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቢሞል ተብሎ ይመታል፤ ኪቦርዱም ኦክታቩን 12 እኩል ቦታ፣ በ100 በ100 ሴንት (የድምፅ ርቀት መለኪያ) ቆርጦታል። ክራር ግን በጆሮ ይቃኛል። ማሲንቆም ላይ፣ በአንዷ የፈረስ ጭራ ክር፣ ጣት ጆሮ ያዘዘው ቦታ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኮዱ የተከፈተው ሰርጅ የተባለ ሲንተሳይዘር ስካላ የሚሉትን ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ይቀበላል። የየድምፁን ርቀት በቁጥር ጽፎ ኪቦርዱን በክራሩ መቃኘት ነው። ይህን የሚችሉ የሚሸጡ ሶፍትዌሮችም አሉ፤ ሰርጅ ግን ያለ ስርቆት ይገኛል።

ስርቆቱም ቀላል ነገር አይደለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዜማንም የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። «ዘፈኔን አባዙብኝ» የሚል ሙዚቀኛ ራሱ በክራክ ሲያቀናብር ክሱ ይሳሳል።

መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ያለባት ከተማ ናት። ኮምፒውተር የሚያስተምረውና ክራር የሚቃኘው በአንድ ገበያ ያልፋሉ፤ የሚያገናኛቸው ነው የጠፋው። ስለዚህ ቀድማችሁ ለገባችሁበት አቀናባሪዎች አንድ አደራ፦ ለታናሻችሁ በምትሰጡት ቀጣይ ፍላሽ ላይ ሰርጅን ጫኑበት፤ የአንድ አዛውንት ክራር ቅኝት የተጻፈበትንም ፋይል አብራችሁ ጨምሩ።