ያውቁ ኖሯል? የመሳያ ድንጋይ ቁጥር ምሥጢር
ቢላዋዎን በሚስሉበት ድንጋይ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን፣ ድንጋዩ የተሠራባቸው ቅንጣቶች እየረቀቁ ይሄዳሉ፤ ይኸውም የአቈጣጠሩ ሥርዓት ጥንቱን ከወንፊት የተወረሰ በመሆኑ፣ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ የወንፊቱ ዓይኖች በበዙ ቁጥር በእነርሱ የሚያልፈው ቅንጣት እየደቀቀ ከመሄዱ የተነሣ ነው።

በጃፓን የውሃ ድንጋዮች ዘንድ፣ አፉ የተሸረፈው ቢላዋ ከ220 እስከ 400፣ የዶለዶመው በ1000፣ ስለቱ ፍጹም ልስላሴን የሚሻው ደግሞ ከ3000 እስከ 8000 ቁጥር ባለው ድንጋይ ይሳላል።

ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ልኩ ከአገር አገር ይለያያል፤ የ1000 ቁጥር ቅንጣት በጃፓን መለኪያ በአማካይ 11.5 ማይክሮን ሲሆን፣ በ«ኤፍ» ፊደል በሚታወቀው የአውሮፓ መለኪያ ግን 4.5 ማይክሮን ብቻ ነው።