ቆሞ የሚከርም አውቶሞቢል በዳገት ላይ ስለ መድከሙ

ሥራ መፍታት የሚጎዳው ሰውን ብቻ አይደለም፤ አውቶሞቢልንም ይጎዳል። በዲላ ከተማ ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ ቮልስ በግቢው ያቆመ የቤተ ሰብ አባት፣ መኪናውን የሚያስነሣው ለሠርግ ወይም ለበዓል ብቻ ይሆናል። በዚያም ቀን ልጆቹን አሳፍሮ ወደ ቡሌ ሽቅብ ሲጓዝ ሞተሩ በዳገቱ መካከል ይደክምበታል። ያን ጊዜ አንዱ ወዳጁ «ሞተሩ አርጅቷልና አስፈታው» ይለዋል፤ ሌላውም «ሽጠህ ተገላገል» ይለዋል። እኛ ግን ሁለቱንም ከማድረጉ አስቀድሞ ጥቂት እንዲመረምር እንመክረዋለን።

በመጀመሪያ የአገሩን ከፍታ ማሰብ ይገባል። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን፣ ቡሌ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ይህ ተፈጥሮ እንጂ በሽታ አይደለም። በዲላ ሜዳ ላይም የሚደክም ከሆነ ግን በእርግጥ ታሟል።

የቆመ መኪና ዋነኛ ሕመም ከቤንዚኑ ይነሣል። ለብዙ ወራት የቆየ ቤንዚን ቀላሉ ክፍል እየተነነ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል፤ ይህም የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። የታንኩም ዝገት ፊልትሮውን ይዘጋል። ምልክቱም ይህ ነው፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ጥቂት ቤንዚን ስለሚበቃው ደኅና ይመስላል፤ በዳገት ላይ ብዙ ሲፈልግ ግን አጥቶ ይዝላል። መድኃኒቱ አሮጌውን ቤንዚን ማስቀዳት፣ ፊልትሮውን መለወጥ፣ ካርቡሬተሩንም ማሳጠብ ነው። ይህ ሲደረግ ከእሳት መራቅ ይገባል። የተቀዳውም ቤንዚን በጓሮ አይፍሰስ፤ ቡናና እንሰት በዛፍ ጥላ ሥር አብረው የሚበቅሉበት የጌዴኦ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነውና።

ቤንዚኑ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ድካሙ ካልለቀቀ፣ የአየሩ ማጣሪያ ይታይ፤ አይጥ በቆመ መኪና ውስጥ ጎጆዋን መሥራት ታዘወትራለች። ሞተሩ የሚያስነጥስ ከሆነ ካንዴላዎቹና ገመዶቻቸው ይመርመሩ፤ የክረምት እርጥበት ያበላሻቸዋል። ደግሞም ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አንድ ሰው የቤንዚኑን ፔዳል እስከ መጨረሻው ይርገጥ፤ ሌላው የካርቡሬተሩ በር ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ይመልከት።

ፍሬኑንም አንርሳ። በዝገት የተያዘ ፍሬን ጎማውን አንቆ ስለሚይዝ ጤነኛውን ሞተር ደካማ ያስመስለዋል። ከአጭር ጉዞ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ቢግል ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ይህም ከሁሉ የከፋ ነው፤ ዳገት መውጣት ያቃተው መኪና ከመንገድ ዳር ይቆማል፤ ከቡሌ ሲወርድ መቆም ያቃተው ግን የቤተ ሰቡን ሕይወት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ፍሬኑ በመካኒክ ሳይታይ ልጆችን ማሳፈር አይገባም።

ሞተር ማስፈታት የሚያስፈልገው ይህ ሁሉ ተደርጎ ድካሙ ሳይለቅ ሲቀር ነው፤ ያን ጊዜም መካኒኩ አስቀድሞ የሲሊንደሮቹን ግፊት ይለካ። የዳነውን መኪና በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ያህል መንዳት ይበጃል። የአባት ቅርስ እያገለገለ ሲኖር ያምራል።