ያውቁ ኖሯል? ፍላሽ ሲጠፋ ብቻውን አይጠፋም

ሰፈራችን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ከስቴፕለሩ አጠገብ፣ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ አለ። የሞላው ደንበኞች ረስተዋቸው በሄዱ ፍላሾች ነው፤ ክዳኑ የጠፋ፣ ክር የታሰረበት፣ ጥርሱ የተጣመመ። «ባለቤቱን በምን ታውቂዋለሽ?» አልኳት ሠራተኛዋን። «ከፍቼ ነዋ!» አለችኝ እየሳቀች። እውነቷን ነው። ሲቪው፣ የመታወቂያው ኮፒ፣ የሠርጉ ፎቶ ሁሉም እዚያው ነው። የዛሬው ዓምዳችን ከዚያ ኩባያ ይነሳል።

• የመጀመሪያዎቹ ፍላሾች እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ሲቀርቡ የሚይዙት 8 ሜጋባይት ብቻ ነበር። ዛሬ ተራ የሚባለው ባለ 64 ጊጋባይቱ ፍላሽ የዚያን 8 ሺህ እጥፍ ይሸከማል። ቁመቱ ግን ያው ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ከኪስ ሲወድቅም አይሰማም።

• እ.ኤ.አ. በ2017 የለንደኑ ሂትሮው አየር ማረፊያ ሠራተኛ የጣለውን ፍላሽ አንድ ሰው መንገድ ላይ አገኘው። ቤተ መጻሕፍት ወስዶ ሲሰካው 76 ፎልደርና ከ1 ሺህ በላይ ፋይል ያለ ምንም የይለፍ ቃል ወለል ብሎ ተከፈተለት። ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በዓመቱ የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ አየር ማረፊያውን የሚያስተዳድረውን ድርጅት 120 ሺህ ፓውንድ ቀጣው።

• በጃፓኗ አማጋሳኪ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ የኮንትራክተር ሠራተኛ ከሥራ በኋላ ሲጠጣ አምሽቶ መንገድ ላይ እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ ቦርሳው የለም። ቦርሳው ውስጥ የመላው ከተማ ነዋሪ፣ የ460 ሺህ ያህል ሰው መረጃ የያዘ ፍላሽ ነበር። ደግነቱ መረጃው የተመሰጠረ ነበር፤ ቦርሳውም ከቀናት በኋላ ተገኘ። ጉዱ የመጣው በጋዜጣዊ መግለጫው ነው፦ ባለሥልጣናቱ ሕዝቡን እናረጋጋ ብለው የይለፍ ቃሉ 13 ፊደልና ቁጥር እንዳለው ተናገሩ። ሌባ ሊገምት ከሚገባው ነገር ግማሹን በቴሌቪዥን ነገሩት ተብለው ተሳቀባቸው።

• ወድቆ የተገኘ ፍላሽ የሚከፈተው በክፋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ 297 ፍላሾች ጣል ጣል አደረጉ። የመጀመሪያው 6 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ኮምፒውተር ላይ ተሰካ፤ ከ45 በመቶው ላይ ፋይል ተከፈተ። ለመጠይቁ መልስ ከሰጡት አብዛኞቹ ያሉት ባለቤቱን ለመፈለግ ነው፤ ልክ እንደ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ።

• ፎልደርን «ሂደን» ማድረግ ዕቃን አልጋ ሥር እንደ መደበቅ ነው፤ ጎንበስ ያለ ሁሉ ያየዋል። ምስጠራ፣ በተለምዶ ኢንክሪፕሽን የሚባለው፣ ፋይሉን ራሱን ይለውጠዋል። ቁልፉ የሌለው ሰው ፍላሹን ፈታቶ ቺፑን ቢያወጣ እንኳ የሚያገኘው ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ነው።

• ዛሬ ፍላሽ በብዛት የሚመሰጠርበት ቀመር ኤኢኤስ ይባላል። የቀመሩት ዮአን ዳመን እና ቪንሰንት ራይመን የተባሉ ሁለት ቤልጂየማውያን ናቸው፤ የአሜሪካ መንግሥት መለኪያው ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ባለ 256 ቢቱ ዓይነት ሊኖሩት የሚችሉት ቁልፎች ብዛት በቁጥር ቢጻፍ 78 አሃዝ ይፈጃል። የእርስዎ የይለፍ ቃል አራት አሃዝ ብቻ ከሆነ ግን ሌባው የሚሞክረው 10 ሺህ ብቻ ነው።

• ውድ ፍላሽ ሁሉ አስተማማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 እንደተዘገበው የጀርመን ባለሙያዎች የኪንግስተን፣ የሳንዲስክና የቨርባቲም አንዳንድ ምስጢር ጠባቂ ፍላሾችን መረመሩ። ኤኢኤሱ እንከን አልነበረበትም። ነገር ግን የይለፍ ቃሉን የሚያጣራው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ነበር፤ ካጣራ በኋላ ለፍላሹ የሚልከው «ክፈት» የሚል ትእዛዝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ያንን ትእዛዝ ያወቀ የይለፍ ቃል አያስፈልገውም።

• ቁልፍ ባለቤቱንም ውጭ ያስቀራል። ስቴፋን ቶማስ የተባለው ፕሮግራመር 7,002 ቢትኮይን የሚያስከፍተውን ቁልፍ አይረንኪ በተባለ ፍላሽ ቆለፈበት፤ የይለፍ ቃሉን የጻፈበት ወረቀት ግን ጠፋ። ፍላሹ የሚፈቅደው 10 ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ታሪኩ በጋዜጣ ሲወጣ 8ቱን ጨርሶ ነበር።

• ዊንዶውስ ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ ቢትሎከር ቱ ጎ የሚባል የፍላሽ መመስጠሪያ አለው። ለመመስጠር ዊንዶውስዎ «ፕሮ» ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ የተመሰጠረውን በይለፍ ቃል ለመክፈት ግን «ሆም»ም ይበቃል። ሲቆልፉ የሚሰጥዎትን 48 አሃዝ የመጠባበቂያ ቁልፍ አትመው ቤት ያስቀምጡ። እዚያው ፍላሽ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ቤቱን ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ እንደ ተወ ነው።

• «ዲሊት» ያደረጉት ፋይል ወዲያው አይጠፋም፤ የሚሰረዘው አድራሻው ነው። ፈጣን ፎርማትም ብዙ አይለይም። ስለዚህ ያገለገለ ፍላሽ በቢትሎከር ሲመሰጥሩ «የተያዘውን ቦታ ብቻ» የሚለውን ትተው «ሙሉውን» ይምረጡ፤ አለዚያ የድሮው ፋይል ርዝራዥ ሳይመሰጠር ይቀራል። ከሁሉ የሚሻለው አዲሱን ፍላሽ ከመጀመሪያው ቀን መቆለፍ ነው። ከጠፋ በኋላ መባነንማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

• ቬራክሪፕት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ሳንካው፣ በሰው ዊንዶውስ ላይ ለማስነሳት የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ደግሞ ይህን ብዙ ጊዜ አይፈቅድም።

• በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ አካል መረጃውን በጥንቃቄ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የሠራተኞችን የደመወዝ መዝገብ በፍላሽ ይዘው ወደ ቤት የሚሄዱ የሒሳብ ሠራተኞች ይህን ልብ ይበሉ።

• የይለፍ ቃልዎ ታዋቂ ምሳሌያዊ አባባል አይሁን፤ እርስዎ የሚያውቁትን ሌላውም ያውቀዋል። የማይገናኙ አራት አምስት ቃላት ይደርድሩ፤ ድስት፣ ባቡር፣ ሐሙስ፣ ጃንጥላ እንደ ማለት። በላቲን ፊደል ቢጽፉት ይመረጣል፤ በየሄዱበት ኮምፒውተር የአማርኛ መጻፊያ ላይኖር ይችላል።

• ምስጠራ የሚጠብቀው የተዘጋ ፍላሽን ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት የይለፍ ቃሉን አስገብተው ከከፈቱት በኋላ ያ ኮምፒውተር ሁሉንም ያያል፤ ፎልደሮችዎን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚደረድረው ቫይረስም ሰተት ብሎ ይገባል። ስለዚህ ሁለት ፍላሽ ይኑርዎት፦ አንዱ የሚታተመውን አንድ ፋይል ብቻ ይዞ የሚወጣ፣ ሌላው ተቆልፎ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚከፈት።

ወደ ኩባያው እንመለስ። የተቆለፈ ፍላሽ ለቅን አግኚም አፉን አይከፍትም፤ ልጅቷ ብትሰካው የሚጠይቃት የይለፍ ቃል ነው። ስለዚህ ስልክ ቁጥርዎን በትንሽ ፕላስተር ጽፈው ፍላሹ ጀርባ ላይ ይለጥፉ። ያን ጊዜ ባለቤቱን ለማግኘት መክፈት አያስፈልጋትም፤ መደወል ይበቃታል።