ድሬዳዋ በእርግጥ በረሃ ናት?

ድሬዳዋን ብዙዎች «በረሃ» ይሏታል። በአየር ንብረት አመዳደብ ሲታይ ግን ከተማዋ ሞቃትና ዝናብ አጠር እንጂ በረሃ አይደለችም።

በኢትዮጵያ የቆየው አመዳደብ መነሻው ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ500 እስከ 1 ሺህ 500 ሜትር ያለው ስፍራ ቆላ፣ ከዚያ በላይ እስከ 2 ሺህ 300 ሜትር ያለው ወይና ደጋ ይባላል። በረሃ የሚባለው ከ500 ሜትር በታች ያለው ነው። ድሬዳዋ የምትገኘው በ1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ ምድቧ ቆላ ነው። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ወደ ሐረር የሚያቀና መንገደኛ ደግሞ ወይና ደጋ ይገባል።

በዓለም ዙሪያ በስፋት የሚሠራበት አመዳደብ መሠረት የተጣለው በቭላዲሚር ኮፐን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቅጂ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። ይህ ስልት የሚዘንበውን ውኃ ሙቀቱ በትነት ከሚወስደው ጋር ያነጻጽራል። የዓመቱ አማካይ ሙቀት በ20 ይባዛል፤ ዝናቡ በሁለቱም የዓመቱ አጋማሾች ለሚከፋፈል ስፍራ 140፣ አብዛኛው በሞቃቱ አጋማሽ ለሚዘንብበት ደግሞ 280 ይደመራል። የድሬዳዋ አማካይ ሙቀት ወደ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚጠጋ፣ በዝቅተኛው ስሌት እንኳ 640 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያስፈልጋታል። የምታገኘው ግን 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በረሃ ለመባል ዝናቡ ከሚፈለገው ከግማሽ በታች መሆን ስላለበት፣ የከተማዋ ምድብ «ሞቃታማ ከፊል ደረቅ» ይሆናል። ለንደንም በዓመት የምታገኘው ዝናብ ወደ 600 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ቅዝቃዜው ትነቱን ስለሚቀንሰው ግን ደረቅ አትባልም።

ይሁንና ይህ ስያሜ የሚገልጸው በከተማዋ ላይ የሚዘንበውን ብቻ ነው። ከድሬዳዋ በስተደቡብ ባሉት ከፍተኛ ቦታዎች የሚጥለው ዝናብ ከፊሉ ወደ መሬት ሰርጎ ከተማዋ የምትጠጣውን የከርሰ ምድር ውኃ ይተካል፤ ከፊሉም አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ በሚታየው የደቻቱ ወንዝ ይወርዳል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ የደረሰውና ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው ጎርፍ የመጣው በዚሁ መንገድ ነበር።

ስለዚህ «ከፊል ደረቅ» መባል ከጎርፍ ስጋት ነጻ መሆን ማለት አይደለም። በከተማዋ ሰማይ ላይ ደመና ባይታይም፣ በክረምት ወቅት በወንዙ ዳርቻ የሚኖር ሰው መከታተል ያለበት በደጋውና በወይና ደጋው የሚዘንበውንም ነው።