ሰፊው ሌንስ አማት ያስቀይማል!

ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሃያ ሰው ደርድራችሁ ፎቶ ለማንሳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ስትሉ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል፤ አጎትዬው ግን አሁንም ከፎቶው ውጭ ናቸው! መላው እጅግ ሰፊ ሌንስ ነው። ታዲያ ጠባዩን ያላወቀ ሰው ከዘመድ ጋር ያጣላዋል።

ይህ ሌንስ የሚያምርበት ሬንጅፋይንደር በሚባሉት፣ እንደ ላይካ ባሉ የፊልም ካሜራዎች ላይ ነው። ለምን ቢሉ፣ ውስጣቸው መስታወት የለም። የሌንሱ ጀርባ ፊልሙ አጠገብ ድረስ ስለሚገባ ትንሽና ቀላል ሆኖ ይሠራል፤ ቀጥ ያለ ግድግዳም ቀጥ እንዳለ ይወጣል። ዛይስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣው 15 ሚሊ ሜትር ሆሎጎን ዝናው የናኘ ቢሆንም ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። በ1999 ኮሲና የተባለው የጃፓን ፋብሪካ በፎይግትላንደር ስም 15 ሚሊ ሜትር ሄሊያር ሲያወጣ ነገሩ ረከሰ። 110 ዲግሪ ያህል ያያል።

እንግዲህ ምክራችንን ስሙ።

አንደኛ፣ የካሜራው መመልከቻ ይህን ሁሉ ስፋት አያሳይም፤ ከላይ የሚሰካ ሌላ መመልከቻ ያስፈልጋል። በሱ ስታዩ ጣታችሁ ሌንሱ ፊት መግባቱን አታውቁም፤ ፊልሙ ሲታጠብ ግን ጉዱ ይወጣል!

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ሄሊያር ከካሜራው የርቀት መለኪያ ጋር አይያያዝም። ርቀቱን በግምት ነው የምትሞሉት። አትደንግጡ፤ ኤፍ 8 ላይ አድርጋችሁ 1 ሜትር ላይ ብታቆሙት ከግማሽ ሜትር ገደማ እስከ ሩቅ ድረስ ጥርት ይላል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ዳር የቆመ ፊት ይለጠጣል። አንድ ጎረምሳ በጓደኛው ሠርግ የሙሽራውን እናት ዳር አቁሞ አነሳቸው። ፎቶው ሲወጣ ጭንቅላታቸው ሐብሐብ አክሏል! «ሆን ብሎ ነው ያዋረደኝ» አሉ፤ ሙሽሪትም በአማቷ ፊት መግቢያ አጣች። ሠርግ ደግሞ አይደገም ነገር። ስለዚህ እናትና አባትን፣ የተከበረ ሰውን መሃል አድርጉ፤ ዳሩን ለመጋረጃና ለግድግዳ ተዉት። ካሜራውን ወደ ላይም ወደ ታችም አታዘንብሉ፤ ካዘነበለ ግድግዳው የሚወድቅ ይመስላል።

ለአንድ ሰው ፊት ከሆነ 50 ሚሊ ሜትሩ ይበቃል። ሰፊውን ለጠባብ ክፍልና ለገበያ ግርግር አውጡት፤ ያኔ ጠጋ በሉ። ሰፊ ሌንስ ይዞ የሚርቅ ሰው የሚተርፈው ባዶ ሜዳ ነው።